ማውሱን ማን ይያዘው? በደሴና በኮምቦልቻ ለመምህራንና ለወጣቶች የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ማስጀመሪያ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ እስከዚያ ድረስ አቅልለን ያየነው ልዩነት ፊት ለፊት መጣብን። ሁለት ተማሪዎች በሒሳብ እኩል ሊበረቱ ይችላሉ፤ ሆኖም ቤቷ ላፕቶፕ ያላት አንደኛዋ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ እየተመላለሰች መልሷን ስትመረምር፣ ከኩታበር ገጠር መጥታ ደሴ ላይ ክፍል ተከራይታ የምትማረው ሌላዋ ግን ቀስቱ በማያው ላይ ለምን እንደሚሸሻት ለማወቅ የፈተናውን ደቂቃዎች ትከፍላለች። ይህ የዕውቀት ልዩነት አይደለም፤ ውጤቱ ግን የዕውቀት ልዩነት ሆኖ ይመዘገባል። እኔ ደሴ ውስጥ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጪ ለተማሪዎችና ለባልደረቦቼ ሥልጠና ስሰጥ የተማርኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ፣ በትምህርት ቤት፣ በወጣት ማዕከል ወይም በቤተ መጻሕፍት ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ሁሉ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዕቃ ስለገባ ብቻ ልዩነት እንደማይጠብ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ፕላዝማ የምናስታውስ ሰዎች ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በማይቆምና ወደ ኋላ በማይመለስ ፍጥነት ይፈስ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት መሐሉን ቆሞ ያይ ነበር። እንግሊዝኛው የደረጀለት ተማሪ ተጠቀመ፣ ያልደረጀለት ከነበረበትም ወደ ኋላ ቀረ። ስሕተቱ ቴክኖሎጂ መምጣቱ አልነበረም፤ መምህሩን አልፎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የማቀርበው አካሄድ ከመምህሩ ይጀምርና፣ በየደረጃው ማውሱና ኪቦርዱ በማን እጅ እንዳለ እየጠየቀ ይሄዳል።

ያለውን መቁጠር

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ቆጠራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የብዙ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮች ተዘርፈዋል፣ የተረፉትም ተሰባብረዋል። ከዚያ ወዲህ የገባውና ከበፊቱ የተረፈው በአንድ መጋዘን ተደባልቆ ስለሚገኝ፣ ንብረት መዝገቡ ላይ 30 ተብሎ የተጻፈው በተግባር 9 ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ማሽን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝተው ይክፈቱና በሦስት ይክፈሏቸው፤ የሚሠሩ፣ ከሌላ ማሽን ክፍል ቢወሰድላቸው የሚነሡ፣ ለመለዋወጫነት ብቻ የሚያገለግሉ። ሁለት የማይሠሩ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ አንድ የሚሠራ ይወጣቸዋል፤ የአንዱን ራም (የማስታወሻ ካርድ) አውጥቶ በሌላው መሰካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም የማይችሉ አሮጌ ማሽኖች ላይ እንደ ሉቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ በነፃ የሚገኝ ቀላል የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ይመረጣል። ለዚህ ሥራ ባለሙያ ከሩቅ መጥራት አያስፈልግም። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ግቢ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ተልእኮዎች አንዱ ስለሆነ፣ ቀኑንና የሥራውን ዝርዝር የያዘ አጭር ደብዳቤ ቢጻፍ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን ለአንድ ቀን ማግኘት ይቻላል። ደብዳቤው «ድጋፍ እንዲደረግልን» ብቻ የሚል ከሆነ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ «14 ኮምፒውተሮችን ለመለየትና ሊኑክስ ለመጫን» የሚል ይሁን።

ከመምህሩ ክፍል መጀመር

ተማሪ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ይመረቃል፤ መምህሩ ግን ይቆያል፣ በየዓመቱም በብዙ መቶ ተማሪዎች ፊት ይቆማል። ይህ ብቻ ከመምህራን ለመጀመር በቂ ምክንያት ነው። ሌላም ግን አለ። ለዓመታት የተከበረ መምህር፣ ተማሪዎቹ ባሉበት ክፍል ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲፈልግ መታየት አይፈልግም፤ ስለዚህ በተለያየ ሰበብ ይቀራል፣ እኛም «ፍላጎት የለውም» ብለን እንጽፋለን። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ለመምህራን ብቻ፣ በሩ ተዘግቶ ቢሰጥ ይህ ዕንቅፋት ይነሣል።

የመጀመሪያው ትምህርት «የኮምፒውተር ክፍሎች» መሆን የለበትም። መምህሩ ነገ የሚሠራው ሥራ መሆን አለበት፤ ለመምህር ደግሞ ከሮስተር የበለጠ የሚያደክም ሥራ የለም። የአንድን ክፍል የሁሉንም ትምህርት ውጤት መሰብሰብ፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት፣ አንድ ቁጥር ሲሳሳት ሁሉንም መሰረዝ፤ ይህ በየሴሚስተሩ ሌሊት የሚበላ ሥራ ነው። ኤክሴልን በሮስተር የጀመረ መምህር ሁለተኛውን ሳምንት ሳይጠራ ይመጣል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ ዛሬ ባልደረባዬ የሆኑ፣ አሁንም «ጋሼ» የምላቸው መምህር የ54 ተማሪዎችን ውጤት በሁለት ቅዳሜ አስገብተው ጨረሱ። ድምሩንና አማካዩን አወጡ፤ ከዚያ ደረጃ የሚያወጣውን ቀመር የመጀመሪያዋ ተማሪ ላይ ጽፈው እስከ ታች ጎተቱት። ቁጥሮቹ ሞሉ። እርሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ማያውን ተጠግተው አዩና «ልጄ፣ ይህቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ልጅ በሁለት ትምህርት ወድቃለች፤ እንዴት ሆና ነው አንደኛ የወጣችው?» አሉኝ። እጄን ወደ ማውሱ ሰደድኩ። «ተው፣ ራሴ ላግኘው» ብለው እጃቸውን ከማውሱ ላይ ሳያነሡ ቀሩ። በየረድፉ እየገቡ ቀመሩን አንድ በአንድ አነበቡ። የመጀመሪያዋ ተማሪ ከመላው ክፍል ጋር ተወዳድራለች፤ ሁለተኛው ከእርሱ በታች ካሉት ጋር ብቻ፤ ሦስተኛዋ እንዲሁ። ቀመሩ ወደ ታች በተጎተተ ቁጥር የሚወዳደርበት ክልልም አብሮት እየወረደ ስለነበር፣ የመጨረሻዋ ልጅ ከራሷ በቀር ተወዳዳሪ አልነበራትም። «ይህን ክልል የሚያስር ምልክት ሊኖር ይገባል» አሉ። አለ፤ የዶላር ምልክት ነው፣ ከዓምዱ ፊደልና ከረድፉ ቁጥር በፊት ይገባል። አስገቡት፣ እንደገና ጎተቱት፣ ደረጃው ተስተካከለ። ያን ቀን ማውሱን ነጥቄ አርሜላቸው ቢሆን ኖሮ ሮስተራቸውን አገኙት እንጂ ኤክሴልን አያውቁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኝ የሆነ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንዲቆም እናደርጋለን፤ በቃል ያስረዳል፣ በጣት ያሳያል፣ ማውስ ግን አይነካም።

ሁለተኛው ትምህርት አማርኛ መጻፍ ነው። ብዙ መምህራን ፈተናቸውን በእጅ ጽፈው ለጽሕፈት ቤት ወይም ለውጭ ኮምፒውተር ቤት ያስተይባሉ፤ ይህ ገንዘብም ያስወጣል፣ የፈተናውን ምስጢርም ያጋልጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ በቆዩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው፣ ማሽኖች ሁሉ ፊደላትን ወደሚለዩበት የጋራ መለያ ገብቷል፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ነገር በስልክም በኮምፒውተርም ያው ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ በየማሽኑ በነፃ የሚገኘውን ኪማን የተባለ የአማርኛ መተየቢያ ጭነው፣ መምህራኑ የራሳቸውን ያለፈ ዓመት ፈተና እንዲተይቡ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በአራተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ከፈጀ መልካም ነው።

በእነዚህ አራት ሳምንታት ውስጥ ፓወርፖይንት፣ የኢንተርኔት ታሪክና ሌላውን ሁሉ መተው ይቻላል። ሦስተኛው አስፈላጊ ነገር ፋይልን በስም ማስቀመጥና በሁለት ቦታ መያዝ ብቻ ነው። በፍላሽ ብቻ የተያዘ ሮስተር ፍላሹ ቫይረስ ሲይዘው አብሮ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ለመመለሱም ልንወቅሰው አንችልም።

ተማሪዎችን መምረጥና ማስቀመጥ

መምህራኑ በእግራቸው ከቆሙ በኋላ ተማሪዎች ይገባሉ። ምዝገባ ላይ «ኮምፒውተር ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እኔ እንዳየሁት ወንዶቹ የማይችሉትን «እችላለሁ»፣ ሴቶቹ የሚችሉትን «አልችልም» ይላሉ። ከጥያቄ ይልቅ አራት ነገር አሠሯቸው፦ ማሽኑን መክፈት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ መጻፍ፣ በራሳቸው ስም አስቀምጦ መዝጋት፣ የዘጉትን ፈልጎ መክፈት። ስንቱን እንደሠሩ ከስማቸው ጎን ይጻፍ። ቦታው ካልበቃ ቅድሚያ የሚያገኙት አንዱንም ያልሠሩት ናቸው። ይህ ውሳኔ ቅሬታ ያስነሣል። አራቱንም የሠራ ጎበዝ ልጅ ለምን እንደቀረ ወላጁ ይጠይቃል፤ እርሱ ግን በአሠልጣኝ ረዳትነት ሊገባ ይችላል፣ ከሠልጣኝነቱም የበለጠ ያስተምረዋል።

በጊዜ ምርጫ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልግለጽ። የመጀመሪያውን ዙር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አደረግነው፤ ትምህርት የለም፣ ማሽኖቹ ነፃ ናቸው ብለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስም ስንጠራ የቀሩት በሙሉ ከገጠር የመጡት ነበሩ። አንዷን ሰኞ አግኝቼ ብጠይቃት «ቲቸር፣ ቅዳሜ እኮ ስንቅ ለማምጣት ቤት እንሄዳለን» አለችኝ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ በጠዋት ወጥተው፣ የሳምንቱን እንጀራና ሽሮ ይዘው እሑድ ይመለሳሉ። ልዩነት ለማጥበብ ያቋቋምነው ሥልጠና፣ ልዩነቱ የጎዳቸውን በሰዓት ምርጫ ብቻ አውጥቷቸው ነበር። ቅዳሜን ለመምህራንና ለከተማ ልጆች ትተን፣ ለእነዚህ ማክሰኞና ሐሙስ በተቃራኒ ፈረቃቸው ቦታ ሰጠናቸው። ስለዚህ ሰዓት ከመወሰንዎ በፊት ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑድ የት እንደሚውሉ ይጠይቁ። ዓርብ የጁምዓን ሰዓት፣ በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት፣ በዓላትንም ከሁለቱም ወገን ማየት ወሎ ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚነገር አይደለም፤ ሴት ተማሪዎች ሳይመሽ ቤታቸው እንዲገቡ ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በኮምቦልቻ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎች የሚሠሩ፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ወጣት ሴቶች አሉ፤ እነርሱን ለማካተት ከሁሉ በፊት የሥራ ፈረቃቸውን አይቶ መርሐ ግብር ማውጣት ያስፈልጋል።

አቀማመጡ ሁለት ሁለት ይሁን። ሦስት ሰው አንድ ማሽን ላይ ከተቀመጠ ሦስተኛው ተመልካች ይሆናል፤ ተመልካቹም አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ከሁለቱ አንዱ «እጅ»፣ ሌላው «አፍ» ይባላል። እጅ የሆነው ማውሱንና ኪቦርዱን ይይዛል፣ አፍ የሆነው ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ አፍ ያልተናገረውን እጅ አይሠራም። በየ10 ደቂቃው በስልክ ደወል ይቀያየራሉ። የተሻለ የሚያውቀው ሁልጊዜ በአፍነት ይጀምር፤ አለዚያ እርሱ ሠርቶ ይጨርሰውና ሌላው አይቶ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር ሴቶችን ከሴቶች ጋር ማጣመር ማውሱን ሳይሻሙ እንዲለምዱ ይረዳል፣ ኋላ መቀላቀል ይቻላል። ማየት የተሳነው ተማሪ ካለ፣ በማያው ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ኤንቪዲኤ የተባለ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አንድ ማሽን አስቀድሞ ይዘጋጅለት።

ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሊለማመዷቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ በስምና በፓስወርድ መግባት፣ ፓስወርድ ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደል መለየት፣ ገጹን ወደ ታች ማንሸራተት፣ መልስ መርጦ መቀየር፣ ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማግኘት፣ በማያው ላይ የሚቆጥረውን ሰዓት ሳይደናገጡ መከታተል። መምህራኑ ያለፈ ዓመት ጥያቄዎችን በኮምፒውተር አዘጋጅተው ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢያስፈትኗቸው ይበቃል።

ኢንተርኔት በሌለበት

«ኢንተርኔት የለንም» የሚለው ምክንያት ብዙ ሥልጠናዎችን ሳይጀመሩ አስቀርቷል፤ መቅረት ግን አልነበረባቸውም። ኮሊብሪ የተባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አንድ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ ፌት የተባሉትን የፊዚክስ ማስመሰያዎችንም (ሲሙሌሽኖች) ጨምሮ የተመረጡ ትምህርቶች አንድ ጊዜ ይወርዱበታል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች በዋይፋይ ከዚያ ላፕቶፕ ጋር ብቻ ተገናኝተው ያለ ኢንተርኔት ይማሩበታል። መምህሩ ክፍል ከፍቶ ማን የቱን መልመጃ እንደሠራና የት ላይ እንደተቸገረ ማየትም ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ዊኪፔዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ትንሽ ስለሆነ ፍላሽ ላይ ይያዛል። ማውረዱ ነው ዳታ የሚበላው፤ እርሱንም ርካሽ በሆነው የሌሊት ጥቅል ወይም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሆኖ አንድ ጊዜ መጨረስ ይቻላል፤ ከዚያ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት በፍላሽ ይተላለፋል። ዋይፋዩን ለመዘርጋት አሮጌ ራውተር ይበቃል። እርሱም ከሌለ አንድ ስልክ ዳታው ጠፍቶ ሆትስፖቱ ብቻ ቢከፈት ለጥቂት ስልኮች ያገለግላል። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው፣ ዋይፋዩም ከስልክ ሆትስፖት የሚመጣ ከሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ማሽኖች ይቆማሉ እንጂ በስልክ የሚማሩት አይቋረጡም፤ ስለዚህ የላፕቶፑ ባትሪ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሙሉ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ተማሪ በስም ይመደብ።

ስልክ ብቻ ላላቸው ተማሪዎች አንድ ክፍለ ጊዜ ለጥንቃቄ ይሰጥ። ማስተላለፍ ያለብዎት ዋና ነገር፣ በአጭር መልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም እንደማይነገር ነው፤ ደዋዩ ከቴሌብር ነኝ ቢልም፣ ከባንክ ነኝ ቢልም፣ ሽልማት ደርሶሃል ቢልም። ቴሌግራማቸው ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን እዚያው ክፍል ውስጥ እንዲያበሩ ያድርጉ። ተማሪዎቹም ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለእናቶቻቸው እንዲያስረዱ የቤት ሥራ ይሰጣቸው፤ በእኛ ዘንድ ከሁሉ ይልቅ በደስታ የተሠራው የቤት ሥራ ይህ ነበር።

ከመሠረቱ ወደ ላይ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ ይሰጣል። መልካም ዕድል ነው። ይሁንና ኢሜይል ከፍቶ የማያውቅ ተማሪን በቀጥታ እዚያ መመዝገብ ሰርተፍኬቱን እንጂ ክህሎቱን አያስገኝለትም፤ ሰው ሞልቶላቸው «የጨረሱ» ልጆችን አይቻለሁ። ከላይ የተገለጸውን ዙር የጨረሱ አራት ወይም አምስት ተማሪዎች አብረው ቢመዘገቡና በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው የተረዱትን እርስ በርስ ቢያስረዱ ይሻላል።

ዙሩ ሲያልቅ በመጀመሪያው ቀን የተሠሩትን አራት ነገሮች ሳይቀይሩ ደግመው ያሠሯቸው፤ ውጤቱንም ከበፊቱ ጎን ይጻፉ። የጠቅላላውን አማካይ ማየት አይበቃም፤ የገጠሮቹን ከከተማዎቹ፣ የሴቶቹን ከወንዶቹ ለይተው ይመልከቱ፤ አማካዩ ከፍ ብሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ከሆነ፣ ሰዓቱ ወይም አቀማመጡ ላይ የሆነ ነገር አልተስተካከለም ማለት ነው። ያን ወረቀት ሮስተር በኤክሴል የለመዱት መምህራን በሩብ ሰዓት ይሠሩታል። አራቱን ነገሮች አሁንም መሥራት ያልቻሉ ተማሪዎች ካሉ ስማቸው ለብቻው ይገልበጥ፤ የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ የሚከፈተው በእነርሱ ስም ነው።